ብይዋ ከምን ትሠራ?
ለኩሽኔታና ለቫልቭ የሚስማማውን ብረት ስለ መምረጥ

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ ጅቡቲ ከተማ ለአባላትና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ በልዩ ልዩ ሙያ የተሰማራን አባላት ለቤተሰብ የሚጠቅም አንድ ነገር ከየሙያችን እንድናካፍል ጠይቆናል። የእኔ ሙያ የማሽን ጥገና ነው። ስለዚህ በየቤታችሁና በየሥራ ቦታችሁ ስላሉ፣ ነገር ግን ስለማይታዩ ትናንሽ ክብ ነገሮች እነግራችኋለሁ። ርእሱ ደረቅ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ከደመወዛችን ቆጥበን ወደ አገር ቤት ወፍጮ፣ የውኃ ፓምፕ ወይም የሊጥ ማቡኪያ እንልካለን። እዚሁም ጋራዥ፣ ዳቦ ቤትና ምግብ ቤት የምታስተዳድሩ አላችሁ። በብዙ ገንዘብ የተገዛ ማሽን ከጣት ጥፍር በማትበልጥ አንዲት ብይ ምክንያት ሊቆም ይችላል። ማሽኑ ሲቆም ደግሞ ከኋላው የሚቆመው የቤተሰብ ገቢ ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ቁም ነገር አንድ ብቻ ነው። ለሁሉም ሥራ የሚበልጥ ብይ የለም። ውዱም፣ ጠንካራውም፣ የማይዝገውም በየቦታው ጥሩ ነው፤ ያለ ቦታው ግን ገንዘብ ማባከኛ ነው። እንዴት እንደሚመረጥ ባጭሩ እንመልከት።

ብይዋ የት ነው ያለችው?

በመጀመሪያ በስሙ እንግባባ። እኛ ከጣሊያንኛ ወስደን ኩሽኔታ እንለዋለን። እዚህ ጅቡቲ ያሉ ባለ ሱቆች በፈረንሳይኛ ሩልማን ይሉታል። በእንግሊዝኛ የተማሩት ቤሪንግ ይሉታል። አንድ ዕቃ ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሁለት የብረት ቀለበት፣ በመካከላቸውም የሚንከባለሉ ብዮች አሉት። ልጆች ከወላለቀ ኩሽኔታ ብይ አውጥታችሁ ትጫወቱባት ይሆናል። በሙቀቱ ወራት ቀንና ሌሊት የሚሽከረከረው ቬንትሌተር፣ የልብስ ማጠቢያው፣ ውኃ ወደ ሰገነቱ ታንከር የሚገፋው ፓምፕ፣ ብስክሌቱ፣ የመኪናው ዲናሞ ሁሉ በእነዚህ ብዮች ላይ ይሽከረከራሉ።

ሁለተኛው ቦታ ቫልቭ ነው። በቤታችን ያለው ባለ እጀታ የውኃ መዝጊያ፣ እጀታው ሩብ ዙር ሲዞር የሚዘጋው፣ በውስጡ መካከሏ የተበሳ ኳስ አለችው። ቀዳዳዋ ከቱቦው ጋር ሲገጥም ውኃው ያልፋል፤ ሩብ ዙር ስትዞር ደረቷን ሰጥታ ትዘጋለች። ብዙዎቻችን ለሁሉም ዓይነት መዝጊያ ሳራቺኔስካ የሚለውን ስም እንሰጣለን፤ ይህኛው ግን የኳስ ቫልቭ ነው። ያልተበሳች ኳስ ያለችበት ሌላም ዓይነት አለ። ውኃ ሲመጣ ትነሣለች፣ ውኃው ሊመለስ ሲል ወደ መቀመጫዋ ወርዳ መንገዱን ትዘጋለች። በአንዳንድ ፓምፖች ውስጥ የምትገኘው እርሷ ናት።

የኩሽኔታዋ ብይ ሥራ መሸከም ነው። የቫልቧ ኳስ ሥራ መዝጋት ነው። የምርጫው ልዩነት ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ትንሽ ታሪክ፣ ትንሽ ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ1794 ፊሊፕ ቮን የተባለ የዌልስ ሰው ብዮችን በሠረገላ ዘንግ ውስጥ ለመጠቀም የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ያስቸገረው ብዮቹን ፍጹም ክብና እኩል አድርጎ ብዙ መሥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ፍሪድሪክ ፊሸር በጀርመኗ ሽዋይንፉርት ከተማ ብዮችን በብዛት እየሞረደ እኩል ክብ የሚያደርግ ማሽን ሠራ። ኩሽኔታ በየብስክሌቱና በየሞተሩ ለመግባት መንገዱ የተከፈተለት ከዚያ በኋላ ነው።

ክብነቱና እኩልነቱ ይህን ያህል ለምን አስፈለገ? ብይ ከቀለበቱ ጋር የምትነካካው በጣም ጠባብ በሆነ ቦታ ነው። ከሞላ ጎደል በነጥብ ነው ማለት ይቻላል። ሸክሙ ሁሉ በዚያች ነጥብ ላይ ስለሚያርፍ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ ከ100 እስከ 300 ኪሎ ግራም የሚደርስ ጫና የተለመደ ነው። አንዷ ብይ ከጓደኞቿ ትንሽ ከበለጠች ሸክሙ በእርሷ ላይ ይበረታል። አንዷ ካነሰች ደግሞ ድርሻዋን ሌሎቹ ይሸከሙላታል።

ሌላም ማወቅ የሚገባን ሒሳብ አለ። በኳስ ኩሽኔታ ላይ ሸክሙ በእጥፍ ሲጨምር የሚጠበቀው ዕድሜ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ቺንጊያውን ከልክ በላይ የሚወጥር ሰው ኩሽኔታውን እየበላው መሆኑን ይወቅ። ሸክሙ እጅግ ሲከብድ ብይ ቦታዋን በነጥብ ሳይሆን በመስመር ለሚነካው ለዱላ መሰሉ ሮለር ትለቃለች። እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ - ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም እንደ ሌሎች ዘመናዊ ባቡሮች በመንኮራኩሩ ዘንግ ላይ የሚጠቀመው ሮለር ነው።

የሸክም ብይ፦ ክሮም ብረት

በዓለም ላይ አብዛኛው ኩሽኔታ የሚሠራበት ብረት ክሮም ብረት ይባላል። አሜሪካኖች 52100 ይሉታል፤ ጀርመኖች 100 ሲአር 6 ይሉታል። የጀርመኖቹ ስም ራሱ ይናገራል። 100 ማለት አንድ ከመቶ ካርቦን ማለት ነው። ሲአር ክሮሚየም ነው፤ 6 ለ4 ሲካፈል አንድ ተኩል ከመቶ ክሮሚየም ይሆናል። በእሳት ተሞቆ፣ በዘይት ቀዝቅዞ ሲጠነክር በሮክዌል ሲ መለኪያ ከ60 በላይ ይደርሳል። ዋጋው መካከለኛ ነው፣ ሸክም ይችላል፣ በየሱቁ ይገኛል።

ጠላቶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ዝገት ነው። አንድ ተኩል ከመቶ ክሮሚየም ብረትን ከዝገት አያድንም። እንደኛ ከተማ አየሩ ራሱ ጨው በሚሸከምበት ቦታ ማሸጊያው የተከፈተ ኩሽኔታ በመደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ሊዝግ ይችላል። ስለዚህ ግራሶና ጥሩ መሸፈኛ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። የተለመደው ዓይነት ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ወሰን ካለፈ መጠኑ ሊለወጥ፣ ጥንካሬውም ሊቀንስ ይችላል። ለዳቦ መጋገሪያ ውስጥ ጋሪ መንኮራኩር ተራ ኩሽኔታ የማይሆነው ለዚህ ነው። ብረቱ ቢችል እንኳን ግራሶው ይቃጠላል።

አይዝጌው ሁለት ዓይነት ነው

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ደረስን። እዚህ ኢኖክስ የምንለው አይዝጌ ብረት አንድ ዓይነት አይደለም።

የመጀመሪያው 440ሲ ይባላል። አንድ ከመቶ ያህል ካርቦንና ከ16 እስከ 18 ከመቶ ክሮሚየም አለው። ካርቦኑ ስላለ በእሳት ይጠነክራል፤ ክሮሚየሙ ስላለ እርጥበትን ይቋቋማል። ለኩሽኔታ ብይ የሚሆነው አይዝጌ ይህ ነው። ነገር ግን የባሕር ውኃን አይችልም፤ የመሸከም አቅሙም ከክሮም ብረቱ በመጠኑ ዝቅ ይላል።

ሁለተኛው 304 እና 316 የሚባሉት ናቸው። ድስታችን፣ ማጠቢያ ገንዳችን ብዙ ጊዜ ከ304 ነው። 316 ከ2 እስከ 3 ከመቶ ሞሊብዲነም ስለተጨመረበት ጨውን የበለጠ ይቋቋማል። ሁለቱም በእሳት አይጠነክሩም። ብያቸው በሮክዌል ሲ ከ40 በታች ናት። ስለዚህ ለቫልቭ ኳስ ጥሩ ናቸው፤ ከባድ ሸክም ላለበት ኩሽኔታ ግን አይሆኑም። ብይዋ ሳትዝግ ትጨፈለቃለች።

በገበያ ውስጥ «ማግኔት ከሳበው አይዝጌ አይደለም» ሲባል ትሰማላችሁ። ለድስት ይህ በከፊል ይሠራ ይሆናል፤ ለብይ ግን አያስተማምንም። ጥሩው የኩሽኔታ አይዝጌ፣ 440ሲ፣ ማግኔት አጥብቆ ይይዘዋል። 304 እና 316 በአብዛኛው አይያዙም፤ ሆኖም በቀዝቃዛው ተቀጥቅጠው ብይ ሲሆኑ ትንሽ ሊሳቡ ይችላሉ። ማግኔት ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው ትክክለኛውን ዕቃ ጥሎ ለስላሳውን ሊገዛ ይችላል ማለት ነው። ከማግኔት ይልቅ የአምራቹን ጽሑፍና የደረሰኙን ዝርዝር መጠየቅ ይሻላል።

ነጫጮቹና ጥቁሮቹ ብዮች

ከብረት ያልሆኑም አሉ። ሲሊከን ናይትራይድ የሚባለው ሴራሚክ ጥቁር ግራጫ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላት የብረት ብይ 4 ግራም ያህል ስትመዝን የሲሊከን ናይትራይዷ ከ2 ግራም አትሞላም። አትዝግም፣ ሙቀት ትችላለች፣ ኤሌክትሪክም አታስተላልፍም። ይህ የመጨረሻው ጠባይዋ በዘመናችን ትልቅ ዋጋ አግኝቷል። ፍጥነቱ በኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ በሚለዋወጥ ሞተር ውስጥ ትንሽ ትንሽ ኤሌክትሪክ በዘንጉ በኩል እያለፈ በብዮቹና በቀለበቱ መካከል ብልጭ ይላል። ከጊዜ በኋላ ቀለበቱ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ይሸነተራል፤ ሞተሩም መጮህ ይጀምራል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ በዚህ ወደብ ብዙ የኤሌክትሪክ መኪና አልፏል። የጋራዥ ባለቤት የሆናችሁ ወንድሞች ልብ በሉ። የአንዳንዶቹ ሞተር ኩሽኔታ የብረት ቀለበትና የሴራሚክ ብይ ነው። በመጠን ልክ የመጣውን ተራ ኩሽኔታ ብትተኩበት ይገጥማል፤ ይሠራልም፤ ግን ብዙ አይቆይም።

ታዲያ ሴራሚክ ይህን ያህል ከተመሰገነ ሁሉንም ለምን በእርሱ አንተካም? ዋጋው አንድ ነገር ነው። ከዚያም በላይ በጣም ግትር ስለሆነች ከባድ ድንገተኛ ምት ሲመጣ እርሷ ሳትጎዳ ከሥሯ ያለውን የብረት ቀለበት ታጎደጉደዋለች። ድንጋይ ለሚፈጭ ማሽን አትመረጥም።

ነጯ ሴራሚክ ዚርኮኒያ አሲድና መሰል ፈሳሽ በሚያልፍባቸው ፓምፖችና ቫልቮች ውስጥ ትገባለች። በልጆች ቦርሳ ውስጥ ያለው እስክሪብቶ ጫፉ ላይ ያለችው ከአንድ ሚሊ ሜትር የማትበልጥ ብይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተንግስተን ካርባይድ ናት። ከብረት በእጥፍ ያህል የምትከብድ፣ ወረቀት ላይ ኪሎ ሜትሮችን ተንከባልላ የማታልቅ። ከፕላስቲክ የሚሠሩ ብዮችም ውኃና ቀላል ሸክም ባለበት፣ ግራሶ መግባት በሌለበት የምግብ ማሽን ውስጥ ጥሩ አገልግሎት ይሰጣሉ። ናይለን ግን ውኃ መጥጦ ስለሚያብጥ በውኃ ውስጥ አይመረጥም።

የቫልቭ ኳስና መቀመጫዋ

የቫልቭ ኳስ ብቻዋን አትዘጋም። ከግራና ቀኝ የሚደግፋት ቀለበት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቴፍሎን ነው። ኳሷ ለስላሳና ያልተጫረች እስከሆነች ድረስ ቴፍሎኑ ይታዘዛል። ኳሷ ከተጫረች ወይም ከተቦረቦረች በየመክፈቻው ቴፍሎኑን እንደ ሞረድ ትበላዋለች። ከዚያ መዝጊያው መንጠብ ይጀምራል።

በቤት ውስጥ ያለው ርካሹ የኳስ ቫልቭ ገላው ነሐስ፣ ኳሷም ክሮም የተቀባች ነሐስ ናት። ለንጹሕ ውኃ በቂ ነው። ጨው ያለበት የጉድጓድ ውኃ ሲሆን ግን ሁለት ነገር ይመጣል። የክሮሙ ቅብ ይላጣል፤ ከነሐሱ ውስጥ ደግሞ ዚንኩ እየሟሟ ይወጣና ቀይ፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ የሚፈረካከስ ብረት ይቀራል። ይህን ለመቋቋም የተሠራው ነሐስ ዲዜድአር የሚል ምልክት አለው። በጨዋማ ውኃ መስመር ላይ ወይ እርሱን፣ ወይ ባለ 316 ኳሱን መጠቀም ነው። የባሕር ውኃ ራሱ በሚያልፍበት፣ በተለይም ሞቆ ለረጅም ጊዜ በሚቆምበት ቦታ ግን 316ም አይተርፍም፤ ነጠብጣብ እየሆነ ይበሳል። በመርከብና ጨው በሚያጣሩ ማሽኖች ላይ የሚሠሩ ወንድሞቻችን እንደሚያውቁት፣ እዚያ ሌላ ዓይነት፣ እንደ ዱፕሌክስና ታይታኒየም ያሉ ብረቶች ያስፈልጋሉ።

በቫልቩ ገላ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ልመዱ። ሲኤፍ8 ማለት የቀለጠ 304 ነው። ሲኤፍ8ኤም ማለት የቀለጠ 316 ነው። ነገር ግን ይህ ስለ ገላው ነው የሚናገረው፤ ኳሷ ከሌላ ብረት ልትሆን ትችላለችና ለብቻዋ ጠይቁ። «1000 ደብልዩኦጂ» የሚለው ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ዘይትና ጋዝ እስከ ምን ግፊት እንደሚችል ያሳያል እንጂ ለእንፋሎት ፈቃድ አይደለም። ቴፍሎን ከ200 ዲግሪ አካባቢ በላይ አይታመንም፤ ግፊት ሲጨመርበት ወሰኑ ከዚያም ዝቅ ይላል።

ስለ ጋዝ ግን በልዩ ልናገር። ለማብሰያ ጋዝ የሚውል መዝጊያ ለጋዝ የተሠራ መሆኑ በአምራቹ የተጻፈበት ይሁን። የውኃውን መዝጊያ «ብረት ብረት ነው» ብሎ በጋዝ መስመር ላይ መግጠም ሕፃናት የሚተኙበትን ቤት በአንዲት የላስቲክ ቀለበት ላይ ማስያዝ ነው። ላስቲኮችም እንደ ብረቶቹ ዓይነት አላቸው። ውኃን በደንብ የሚችለው ኢፒዲኤም የተባለው ላስቲክ ዘይትና ነዳጅ ሲነካው ያብጣል።

ሁለት የቤት ምክሮች ልጨምር። የኳስ ቫልቭን በግማሽ ከፍቶ መተው አይገባም፤ ውኃው በጠባቡ እየተወረወረ መቀመጫውን ይበላዋል። ለዓመታት ያልተነካ ቫልቭ ደግሞ በሚፈለግበት ቀን አይዞርም። በየሁለት ወሩ አንድ ጊዜ ዘግቶ መክፈት አይከፋም።

ደረጃ ማለት ምንድን ነው?

ብይ ስትገዙ «ጂ» የሚል ፊደልና ቁጥር ታያላችሁ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ክብነቱ የተሻለ ነው። ጂ10 የተባለች ብይ ከፍጹም ክብነት የምትርቀው ቢበዛ በ0.25 ማይክሮን ነው። ጂ100 በ2.5 ማይክሮን ነው። የራስ ፀጉራችን ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ስለሆነ ሁለቱንም በዓይን መለየት አይቻልም። ለሞተር ኩሽኔታ ጂ10 እና ከዚያ የተሻለው ይፈለጋል። ለጋሪ ጎማና ለመሳቢያ ጂ100 እና ከዚያ በላይ ያለው ይበቃል። ለጋሪ ጂ5 መግዛት ብክነት ነው፤ ለሞተር ጂ200 መግዛት ደግሞ ጥፋት ነው።

ከመግዛት በፊት አምስት ጥያቄዎች

አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል። እኛም ከመግዛት በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ምን ያህል ትሸከማለች? በምንስ ፍጥነት ትዞራለች?
ሁለተኛ፣ ምን ይነካታል? ንጹሕ ውኃ፣ ጨው፣ ነዳጅ፣ ዱቄት ወይስ አሸዋ?
ሦስተኛ፣ ሙቀቱ ምን ያህል ነው?
አራተኛ፣ ከማን ጋር ትሠራለች? ቀለበቱ፣ መቀመጫው፣ መሸፈኛውና ግራሶው ይስማሟታል ወይ?
አምስተኛ፣ ብትበላሽ ምን ይከተላል? መለዋወጫውስ በአካባቢው ይገኛል ወይ?

አንድ ምሳሌ ላንሣ። ስማቸውን የማልጠቅሰው አንድ የማኅበራችን አባል ድሬዳዋ አካባቢ ላሉ ቤተሰቦቻቸው የእህል ወፍጮ ልከው ነበር። ኩሽኔታው በጥቂት ወራት ውስጥ ተበላሸ። «ጥሩውን እንግዛ» ተባለና እጅግ በሚበልጥ ዋጋ አይዝጌ ኩሽኔታ ተገዝቶ ሄደ። እርሱም ተበላሸ። ተከፍቶ ሲታይ ዝገት የሚባል አልነበረበትም። ውስጡ ግን ከግራሶው ጋር የተቦካ ዱቄትና አሸዋ ሞልቶታል። ሁለቱም የተገዙት መሸፈኛ የሌላቸው ክፍት ኩሽኔታዎች ነበሩ። ለዚያ ወፍጮ የሚያስፈልገው ተራው ክሮም ብረት፣ በሁለቱም ጎን የላስቲክ መሸፈኛ ያለውና 2አርኤስ የሚል የተጻፈበት ነበር። ጠላቱ አቧራ ነው፤ የተገዛው መከላከያ ግን የዝገት ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ቀድሞ ቢጠየቅ ወፍጮው ባልቆመ፣ የመንደሩም እናቶች እህል ተሸክመው ሩቅ ባልሄዱ ነበር።

ሌላው ምሳሌ የሰገነት ታንከር ፓምፕ ነው። ሸክሙ ቀላል ነው፤ ግን እርጥበት፣ ጨውና ሙቀት አለበት። እዚህ 440ሲ ብይ ያለው ኩሽኔታ ዋጋውን ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን ውኃው ወደ ሞተሩ የሚገባው የፓምፑ ማኅተም አልቆ ከሆነ ኩሽኔታ ብቻ መቀየር ለጊዜው ማስታገስ ነው። መጀመሪያ ማኅተሙ ይቀየር።

ወደ አገር ቤት ለምትልኩ

ማሽን ስትልኩ ከማሽኑ ጋር አንድ ወረቀት ላኩ። በወረቀቱ ላይ በኩሽኔታው ላይ የተቀረጸው ቁጥር በሙሉ ይጻፍ። ለምሳሌ 6204 ሲባል የመጨረሻዎቹ ሁለት አኀዞች በ5 ሲባዙ የዘንጉን ውፍረት ይሰጣሉ፤ 4 በ5 ሲባዛ 20 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከቁጥሩ ኋላ ያሉትን ፊደላት አትተዉ። ዜድዜድ የብረት መሸፈኛ ነው፤ 2አርኤስ የላስቲክ ነው፤ ሲ3 ደግሞ ሲሞቅ እንዳይጨናነቅ ውስጡ ሰፋ ያለ ነው። «6204 ላክልኝ» ብሎ ስልክ መደወልና «6204 2አርኤስ ሲ3» ብሎ መደወል አንድ አይደለም። ቢቻል አንድ ተጨማሪ ኩሽኔታ ከነማሸጊያው ላኩ።

በተጨማሪም ከዚህ እስከ አዲስ አበባ መንገዱ ረጅም ነው። ሞተር በጭነት መኪና ላይ ሳይሽከረከር ለቀናት ሲንቀጠቀጥ ብዮቹ በአንድ ቦታ ላይ እየተፋተጉ ቀለበቱን ያጎደጉዱታል። አዲስ ሞተር ገና ሲነሣ የሚጮኸው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ነው። ከሥሩ ለስላሳ ነገር አንጥፉ፤ ዘንጉም እንዳይንቀሳቀስ በደንብ ይታሰር።

ርካሽ ሆኖ በታዋቂ ስም የታሸገ ኩሽኔታ ሲቀርብላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። አስመስሎ የተሠራ ኩሽኔታ በብዙ አገር የታወቀ ችግር ነው። ደረሰኝ ከማይሰጥ ሰው አለመግዛት የመጀመሪያው መከላከያ ነው።

በመጨረሻም ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በመካከላችን መካኒኮች፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሠራተኞች፣ የመርከብ ቴክኒሻኖች አሉ። በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ መዝገብ ይከፈት። ማሽን ለመላክ የሚያስብ አባል ከመግዛቱ በፊት መጥቶ ይጠይቅ፤ ባለሙያዎቹም በተራ በወር አንድ ቅዳሜ ተገኝተው ይምከሩ። ለወጣቶቻችንም ኩሽኔታ ፈትቶ ማጠብን፣ ቁጥር ማንበብን፣ በሜትሮ መለካትን በዚያው ማስተማር ይቻላል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅዳሜዎች ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ።

በኩሽኔታ ውስጥ ሁሉም ብዮች በአንድ ጊዜ አይሸከሙም። ሸክሙ ባለበት በኩል ያሉት ይሸከማሉ፤ ሲዞር ቀጣዮቹ ይተካሉ። 25 ዓመት ይህን ማኅበር ተራ በተራ የተሸከሙትን አባቶችና እናቶች እግዚአብሔር ይስጥልን እያልኩ፣ ተራው የደረሳችሁ ወጣቶች ደግሞ ትከሻችሁን እንድታዘጋጁ አደራ እላለሁ።